ከሥር ያለችው ቀይ መስመር

ማክሰኞ ጠዋት

እትዬ፣ ይሄን ጊዜ እመኚኝ። ባለፈው እዛ ሳለሁ ገበያ ውስጥ አየሁት ብዬ አንቺን ከሥራሽ ያስሮጥኩሽ ጊዜ እሱ አልነበረም፣ እሺ፣ አምኛለሁ። ከዛ በፊትም በሞተር ያለፈው ሰው እሱ አልነበረም፣ ሳቃችሁብኝ፣ ደግ አደረጋችሁ። አሁን ግን ገበያም አይደለም ሞተርም አይደለም። ለአባባ ልትገዢለት ያልሽው ቴሌቪዥን ነው። እሱ እዛ ውስጥ አለ። ምን እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ከንፈርሽን እንዴት እንደምታጣምሚው እዚህ ሆኜ ይታየኛል፣ ግን ወረቀቱን አጥፈሽ ከማስቀመጥሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ በአባባ ይዤሻለሁ።

ሰላም እንኳ ሳልልሽ ገባሁበት፣ ይቅርታ። እንደምን ነሽ፣ አባባ እንዴት ነው፣ ያ የደነዘዘ እጁ ተንቀሳቀሰ ወይ፣ ልጆቹን ጉንፋኑ ለቀቃቸው ወይ፣ ባልሽስ። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ እበላለሁ። ጋሽ ካውያ እንደ ልጁ ነው የሚያየኝ፣ የባልሽ አጎት መሆኑን ሁሉ እረሳዋለሁ። ካውያ የሚሉት ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ፣ ያቺ መበየጃ ካውያ ከእጁ አትወርድም፣ ሰው ሲመጣ በሷ ነው ወንበር የሚያሳየው። ሱቁን እጠርግለታለሁ፣ የተሠሩትንና ያልተሠሩትን እለያለሁ፣ ሰው ቴሌቪዥኔ ደረሰ ወይ ሲል ጠብቅ እላለሁ፣ ማታ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እተኛለሁ። አንቺ እዛ ሂጂ፣ ያ ባልሽ የባሌን አጎት አያውቀውም፣ በተበላሸ ቴሌቪዥን መሀል ማን ያይሻል ብለሽ ስትልኪኝ እውነትሽን ነበር፣ ማንም አላየኝም። እስከ እሁድ ድረስ ማንም አላየኝም።

ስልክ እንዳልይዝ ያልሽኝንም አልረሳሁም፣ አልያዝኩም። ወረቀቱን ለጭነት መኪናው ሹፌር ብቻ ነው የምሰጠው።

አሁን ቴሌቪዥኑ እንዴት ነው ላልሽኝ። ነጋዴው ለሙከራ ነው የሰጠን፣ ጥቂት ቀን አይታችሁት ካልወደዳችሁት ካርቶኑ ሳይቀደድ መልሱ አለ፣ ካርቶኑን ድመቷ ቀደደችው፣ እሱን ተይው። ምስሉ ፊት ለፊት ስትቀመጪ ደህና ነው፣ የሰው ጥርስ ሁሉ ይቆጠራል። ጎን ስትሆኚ ግን ሰዉ ሁሉ አመድ የተነፋበት ይመስላል፣ አባባ ደሞ በጎኑ ነው የሚተኛው፣ አልጋውን ካላዞራችሁት አመድ አመዱን ነው የሚያየው። ድምፁን በቀኝ ጆሮዬ ነው የሞከርኩት፣ ግራው እሱ ካበላሸው በኋላ እንደምታውቂው ነው፣ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ዝንብ ይመስላል። ሪሞቱን ትጫኛለሽ፣ ዝም ይላል፣ ደግመሽ ትጫኛለሽ፣ ከዛ ሁለቱንም አንድ ላይ ይሰማና ዘሎሽ ይሄዳል። ጋሽ ካውያ ጀርባውን ከፍቶ አየውና ፊቱ ቆንጆ ነው ልቡ ደካማ ነው፣ ዋጋውን ግን አይተሽ ትስቂያለሽ አለ። ታዲያ ይገዛ ወይ ስለው ሰው ለማን እንደሚገዛ ነው የሚጠየቀው አለኝ፣ መልስ አይሰጥም እኮ እሱ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቪዲዮ የሚታይበትን ስትከፍቺ ብዙ ሥዕል ይደረደራል አይደል። ሰው ጀምሮ ያቆመው ቪዲዮ ከሆነ ከሥሩ ቀጭን ቀይ መስመር አለችው፣ እዚህ ድረስ ታይቷል ማለት ነው። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ እስቲ ለአባባ የሚሆን ነገር አለው ወይ ብዬ ስከፍተው የመጣው ምንድነው፣ የከባድ መኪና ጎማ ከቸርኬው ሲፈታ። እኔ ጎማ አልፈለግኩም። ከጎኑ እርግብ። ከእርግቡ ጎን ሌላ እርግብ፣ ቤቷን ስትሠራ። እትዬ፣ ጎማ የሚያይ ጎሚስታ ሞልቷል፣ እርግብ የሚያይም ሞልቷል፣ ከጎማ ወደ እርግብ የሚዘል ሰው ግን እኔ አንድ ነው የማውቀው፣ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ጣሪያው ላይ እርግብ የሚያረባ ጎሚስታ። ምሳውን እንኳ ስልኩ ላይ እርግብ ሳያይ አይውጥም።

ሪሞቱን ጣልኩት። ደሞ መስመሯን አየኋት፣ ግማሽ ላይ ነበረች። ሰኞ ጠዋት ከጋሽ ካውያ በፊት ገብቼ ስከፍተው መስመሯ ሄዳለች፣ መጨረሻው ጋ ደርሳለች። ቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ነው ያደረው፣ ሶኬቱን ራሴ ነኝ የነቀልኩት። ማነው ያየው? የት ሆኖ ነው ያየው?

ለጋሽ ካውያ አልነገርኩትም፣ አበደች ይላል ብዬ። ላንቺ ነው የነገርኩት። ሳቂብኝ ግን እመኚኝ።

ታናሽሽ

ሐሙስ

የኔ በርጋጊ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፣ ከንፈሬንም አላጣመምኩም። ትንሽ ነው ያጣመምኩት።

ቴሌቪዥን ውስጥ ባል አይገባም፣ የሚገባው አቧራ ነው። ጎማና እርግብ ለሁሉም ሰው ነው የሚያመጡት። የኔ ስልክ እኔ ሳልጠይቀው የራሰ በራ መድኃኒት ሲያሳየኝ ይውላል፣ ባሌን አይቶት ነው ልበል? መስመሯ ሄደች ያልሽውን ደሞ አንቺ ራስሽ በዛ በሚዘለው ሪሞት ነክተሽው ይሆናል። ሰው ሲፈራ እጁ የሚሠራውን አያውቅም፣ ልጅ ሆነሽ የራስሽን ጥላ አይተሽ የእንስራውን ውሃ የደፋሽው ትዝ ይለኛል።

አባባ ደህና ነው። እጁ ያው ነው። ግን ቴሌቪዥን ይመጣልሃል ካልኩት ጀምሮ ፊቱ ተለውጧል፣ ግድግዳውን በዓይኑ ይለካል። ጠዋት ሁላችን ወደ ሥራ ስንወጣ ብቻውን ከኮርኒሱ ጋር ነው የሚውለው፣ ኮርኒሱ ላይ ላለው የውሃ እድፍ ስም አውጥቶለታል አሉ ልጆቹ። ስለዚህ የምጠይቅሽን በትክክል መልሺልኝ። አልጋውን ወደ መስኮቱ ማዞር እንችላለን፣ እንደዛ ከሆነ አመዱ ይቀራል ወይ? ሪሞቱ በአንድ እጅ ይያዛል ወይ? በአንድ አውራ ጣት የማይሠራ ከሆነ ለሱ ድንጋይ ነው። በመሀል ኔትወርክ ሲጠፋ ራሱ ይመለሳል ወይስ ሰው ይፈልጋል? ነጋዴው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ጠይቂው።

ስለ ባልሽ ደሞ ልንገርሽ፣ እንድትረጋጊ ብዬ ነው። ድሮ የምታውቂው ሰው አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሠራው፣ መጠጡንም ትቷል። ከስቷል፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ይዞራል። እንዲህ ያለ ሰው ቴሌቪዥን ውስጥ ገብቶ የሚያስፈራራ አይመስለኝም። ይሄን ስልሽ ተመለሺ ማለቴ አይደለም። ባሌም እንዳትጨነቅ በያት ብሏል፣ አንድ ጥያቄ ለሹፌሩ በቃል ነግሮታል፣ እኔ አልገባኝም።

ጆሮሽን ሐኪም አሳዪው፣ ችላ አትበዪው።

እትዬ

ዓርብ

እትዬ፣

እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ ግድግዳውን በዓይኑ ይለካል ያልሽውን ሳነብ አለቀስኩ፣ ከዛ ሳቅኩ። የጠየቅሽኝን አስቀድሜ ልመልስ፣ በኋላ ይጠፋብኛል። አልጋው ከዞረ አመዱ ይቀራል፣ ወንበሬን እያዞርኩ አይቼዋለሁ። ሪሞቱ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል፣ አንድ እጄን ከጀርባዬ አድርጌ ሞከርኩት፣ ጋሽ ካውያ አይቶ ማን አሰረሽ አለኝ። ግን ቁልፎቹ ደቃቃ ናቸው፣ አባባ መጥፊያውን ፈልጎ ድምፁን ያስጮኸዋል። ኔትወርክ ሲሄድ ራሱ አይመለስም፣ ነቅለሽ መሰካት ነው። ነጋዴው ይጠብቃል።

አሁን ሹፌሩ በቃል ያመጣልኝን የባልሽን ጥያቄ ልመልስ፣ ቴሌቪዥኑ በማን ኢሜይል ነው የተከፈተው ላለው። በኔ ኢሜይል ነው የተከፈተው። ምን ላርግ፣ ቴሌቪዥኑ ገና ሲከፈት ኢሜይል አስገቢ ይላል፣ ካላስገባሽ ወደ ፊት አይሄድም፣ ጋሽ ካውያ ደሞ ያን ቀን ጣሪያ ላይ ዲሽ ሊያዞር ሄዶ ነበር። እኔ የማውቃት ኢሜይል አንድ ናት፣ በሕይወቴ ሌላ የለኝም። እሱ ነው የከፈተልኝ፣ ገና እንደተጋባን፣ በራሱ ስልክ ላይ። ለሁለታችን አንድ ይበቃል፣ ሚስጥር የለንም አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። የይለፍ ቃሉንም የሚወዳትን እርግብ ስም አደረገው፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ጻፍኩት፣ ከፈተልኝ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ትናንት የባልሽን ጥያቄ ስሰማ ነው የነቃሁት። ለጋሽ ካውያ ሁሉንም ነገርኩት፣ ጎማውንም እርግቡንም። አልሳቀም። እሱ ሳይስቅ ሲቀር ደሞ ያስፈራል። መነጽሩን አደረገና አስረዳኝ፣ አንድ ኢሜይል ሁለት ቦታ ሲከፈት አንድ ጉድጓድ ሁለት ባልዲ ማለት ነው አለኝ፣ እዛ የቀዳውን እዚህ ታያለሽ፣ እዚህ የቀዳሽውን እዛ ያያል። እሱ ስልኩ ላይ እርግብ ሲያይ መስመሯ እዚህ ትሄዳለች። እኔ ለአባባ ብዬ የከፈትኩት የድሮ ተውኔት ደሞ እሱ ስልክ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ሌላም አለው እትዬ። አዲስ ቦታ ሲከፈት ለስልኩ መልእክት ይሄዳል፣ በቴሌቪዥን ተከፍቷል፣ እዚህ ከተማ ነው ብሎ ከተማውን ጠርቶ ይነግረዋል። እኔ ነኝ በእጄ የነገርኩት።

ከዛ ጋሽ ካውያ መፈለጊያው ውስጥ ገባ። እዛ ስትገቢ ከዚህ በፊት የተፈለጉት ቃላት ተራ በተራ ይወርዳሉ። የእርግብ ዓይን በሽታ። የጎማ ማስተንፈሻ። የእርግብ ዓይን በሽታ እንደገና። ከሱ በላይ፣ አዲሱ ከላይ ነው የሚሆነው፣ የዚህ ከተማ ስም። ከሱ በላይ ደሞ በአውቶቡስ ወደዚህ ስንት ሰዓት ይወስዳል የሚል።

ጋሽ ካውያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ያለሁበት ከተማ ለመምጣት መንገድ ለምን እጠይቃለሁ ጋሼ?»

ካውያዋን አስቀመጣት። እትዬ፣ ከእጁ ስትወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው።

ባሌ ብታመልጪ የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ አንቺም እዛው ቆመሽ ሰምተሻል፣ በሩ ላይ። ሳይጮህ ነው ያለው። ሲጮህ አልፈራውም እኔ።

ጋሽ ካውያ አሁኑኑ ኢሜይሉን እናውጣው፣ የይለፍ ቃሉንም እንቀይር አለ። እኔ እጁን ያዝኩት። ካወጣነው እሱ አያየንም፣ ግን እኛም አናየውም። ከተማውን እንደሆነ አውቆታል፣ አሁን ብንደበቅ ምን ይረባል። እርግብ ካየ እዛው አለ ማለት ነው፣ ምሳ ሰዓት መስመሯ ስትሄድ እቤቱ ነው ብዬ እተነፍሳለሁ። ጋሽ ካውያ ራሱን ነቀነቀና ጅብን በመስኮት እያዩ ማደር ነው ይሄ አለ፣ ግን ተወልኝ።

ከስቷል ብለሽኛል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ይዞራል ብለሽኛል። የአንገቱን ማን አየልሽ? የናንተ ቤትና የሱ ጎማ ቤት የከተማው ዳርና ዳር ነው። ቆስቁሼ ላስቆጣሽ ብዬ አይደለም፣ ብቻ ንገሪኝ።

ታናሽሽ

ቅዳሜ

እህቴ፣

ሹፌሩ ዛሬ ስለሚመለስ አጭር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ ኢሜይሉን አውጡት። ባሌም እንደዛው ነው የሚለው። መስመር እየጠበቁ መኖር በሽታ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ብስጭት ብሎ ስለ አንድ ከተማ ሊጠይቅ ይችላል። መጠየቅ መምጣት አይደለም። ሰው ሚስቱ የት እንዳለች ቢያስብ ወንጀል ነው እንዴ? አልተሳሳተም እያልኩ አይደለም፣ አስቢበት እያልኩሽ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እኔ ምን ምን እንዳየሁ አታውቂም፣ አባባን ማጠብ፣ ልጆቹ፣ የጎረቤት አፍ። በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ድንጋይ አይደለሁም።

ሸሚዙን ሰው ነው የነገረኝ።

የማደርገውን ሁሉ ላንቺ ብዬ ነው የማደርገው። ይሄንን ሌላ ጊዜ ቁጭ ብለን እናወራዋለን፣ በወረቀት አይሆንም።

ስለ ቴሌቪዥኑ አንድ ቃል ንገሪኝ፣ ይገዛ ወይስ አይገዛ። አባባ መልስ ይጠብቃል።

እትዬ

ሰኞ ማለዳ

እትዬ፣

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ነው የምጽፈው፣ ጋሽ ካውያ ሻይ ጋብዞ አስቀምጦልኛል፣ ፊደሌ ከተበላሸ ይቅርታ። እንዴት አደራችሁ፣ አባባ እንዴት አደረ።

ኢሜይሉን አላወጣነውም። እንኳን አላወጣነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስከፍተው መፈለጊያው ላይ አዲስ ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ። ካውያ ቴሌቪዥን ጥገና ይላል፣ ከሱ ቀጥሎ የከተማው ስም። ካውያ ይላል እትዬ። ፊደሎቹን በጣቴ ነካኋቸው፣ መስታወቱ ይሞቃል።

ጋሽ ካውያን ጠየቅኩት፣ ያ መልእክት የሱቁን ስም ይናገራል ወይ ብዬ። አይናገርም አለ፣ ከተማውን ብቻ ነው፣ ደሞ እኔ በታፔላዬ ላይ ካውያ ብዬ አልጻፍኩም፣ ታፔላው ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው የሚለው፣ ካውያ የሚለኝ የሰፈር ሰውና የወንድሜ ልጅ ቤተሰብ ነው አለ። የወንድሙ ልጅ ባልሽ ነው። ጋሽ ካውያ ስላንቺ ክፉ አልተናገረም፣ ሰው ሲያለቅስበት የማይሸነፍ ጥቂት ነው ብቻ ነው ያለው።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ወንድ ብለሻል። የማን በር ላይ? አልተቆጣሁሽም፣ በአባባ እምልልሻለሁ አልተቆጣሁም፣ እኔም እኮ ስንት ጊዜ ሲያለቅስ አምኜዋለሁ። ሲያለቅስ እውነቱን ነው እሱ፣ ያ ነው ችግሩ። አልቅሶ ሲጨርስ ነው። ሁልጊዜ አልቅሶ ሲጨርስ ነው።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ከቅዳሜ ወዲህ መስመሯ ቆማለች። እሁድ ምሳ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ አልሄደችም። ጋሽ ካውያ ምሳውን እዛው ይዞልኝ መጣ፣ እስቲ ትሂድ ስል፣ ያን እርግብ እየው፣ እባክህ እየው ስል፣ ሰው ጠላቱን እንዲህ ሲለምን አይተሽ ታውቂያለሽ? አልሄደችም። ዛሬ ጠዋትም ያው ናት። እሱ እኮ ታሞ ተኝቶ እንኳ እርግብ ሳያይ አይውልም። አንድም ስልኩ ተበላሽቷል፣ አንድም መንገድ ላይ ነው፣ አንድም ደርሷል። ጋሽ ካውያ ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ይላል፣ ግን የሱቁን የብረት በር ግማሽ ብቻ ነው የከፈተው፣ ደንበኛ እየጎነበሰ ነው የሚገባው።

ፖሊስ ጋ ሄደን ነበር። ሰውየው እዚህ ታይቷል ወይ አሉ፣ አልታየም አልን፣ በምን አወቃችሁ አሉ፣ በእርግብ ስንል ሁለቱ ተያዩ። ሲመጣ ደውሉ አሉን። አልፈርድባቸውም፣ አንቺም አላመንሽኝም።

ጋሽ ካውያ ያለኝ ይሄ ነው። ዛሬ ሳይመሽ ከዚህ እንወጣለን፣ ከወንዙ ማዶ ልጄ ቤት አድርሼሽ እመለሳለሁ፣ ልጄ ነርስ ናት፣ ቤቷ አጥር አለው፣ ውሻም አላት። እሺ ልለው አፌን ስከፍት አንድ ነገር ያዘኝ። የልጁን ቤት አንቺ ታውቂዋለሽ። ስትልኪኝ ጊዜ ሱቁ ከጠበበሽ ልጁ ጋ ትሄጃለሽ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለሱ ሱቁን ከነገርሽው፣ ልጁንስ? ክሊኒኩንስ? እሱ ስለ አንድ ነገር ሲጠይቅ እንዴት አድርጎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፣ ስለ ጤናዬ ይጀምራል፣ ብርድ አይመታትም ወይ ይላል፣ የሚያስጠጋት ሌላ ሰው አላት ወይ ይላል፣ አንቺም አይዞህ ብቻዋን አይደለችም ልትዪው ብለሽ ትነግሪዋለሽ። እንደዛ ነው አይደል? እንደዛ ከሆነ እዛ ሄጄ የሷንም ልጆች አስጨርሳለሁ። እዚህም ብቆይ ጋሽ ካውያ ሽማግሌ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ በዛች ካውያ ምን ይከላከላል።

ስለዚህ ከሁለቱ የት እንደማድር መወሰን አልቻልኩም፣ እሱ የትኛውን እንደሚያውቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ራሴ እንዳልደውልልሽ ፈራሁ። አሁንም ቤትሽ ተቀምጦ ከሆነ፣ ወይ ስልክሽን አንሥቶ የሚያይ ከሆነ፣ የጋሽ ካውያን ቁጥር ያገኘዋል። ሹፌሩ በገዛ እጁ እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ፣ ለባልሽም ቢሆን አትስጥ ብዬዋለሁ፣ ገበያ እንደምትሄጂ ሆነሽ ከቤት ውጪና ከሰው ስልክ ደውዪ። ቁጥሩ ከፖስታው ጀርባ አለ።

አባባ መልስ ይጠብቃል ስላልሽ፣ ግዢለት። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሩት፣ ሪሞቱ ላይ መጥፊያዋን ቀይ ቀለም ቀቢለት፣ በራሱ በአባባ ስም አዲስ ኢሜይል ይከፈትለት፣ የይለፍ ቃሉን ለማንም አትንገሪ። ድምፁ ዝንብ ነው፣ ልቡ ደካማ ነው፣ ይዘገያል፣ ግን ከሄድኩ ወዲህ ስለዛ ሰውዬ ካወራኝ ሁሉ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ሹፌሩ ጡሩምባ እያሰማ ነው። እትዬ፣ ስትደውዪ ሰላምታ አታብዢ፣ ይቅርታም አትበዪኝ፣ ለሱ ሌላ ጊዜ አለን። የነገርሽውን ቦታ ሁሉ ጥሪልኝ፣ አንድም እንዳትደብቂኝ፣ ያልነገርሽው ቦታ ሄጄ ነው የማድረው። ከሁለቱም አንድ ያልነገርሽው ከሌለ እሱንም ንገሪኝ፣ መንገድ እወጣለሁ። ብቻ ጀምበር ሳትጠልቅ ደውዪልኝ።